ውኃ ሌሊት ምን ይሠራል?

ጊዜው የመስከረም ወር፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከይፋግ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሩዝ ማሳ ዳር፣ ሁለት ረዳት ተመራማሪዎች ሆነን የእጅ ባትሪ እያበራን ከማሳው ውኃ በትናንሽ ጠርሙሶች ናሙና እንቀዳለን። በየሦስት ሰዓቱ መቅዳት ከጀመርን ሁለተኛ ሌሊታችን ነበር። ውኃው የማሳቸውን ዳር ጥሶ እንደሆነ ሊያዩ የወጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ብርሃናችንን ተከትለው መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። «አባታችን፣ በዚህ ውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ነገሮች አሉ፤ ቀንና ሌሊት ሥራቸው ይለያይ እንደሆነ ለማወቅ ነው» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሲያስቡ ቆዩና «ታዲያ ቀን ቀን እየመጡ ቀድተው የሚሄዱት የሌሊቱን በምን ያውቁታል?» አሉን።

በዚያ ሌሊት የሚያረካ መልስ አልሰጠናቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግመን አስበንበታል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብም ከዚሁ ጥያቄ የመነጨ ነው። የአገራችንን ውኃና አፈር የሚመለከቱ ጥናቶች በመሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ተወስነው እስከቀሩ ድረስ የምናውቀው የእነዚህን ፍጥረታት ኑሮ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማወቅ ደግሞ ከውድ መሣሪያ አስቀድሞ ሌሊቱን ነቅቶ የሚቀዳውን ረዳት ተመራማሪ ማክበር ያስፈልጋል ብለን እናምናለን።

ባክቴሪያ ሰዓት አለውን?

ሕያዋን ነገሮች ከውጭ በሚመጣ ምልክት ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ባለ ሰዓትም እንደሚመሩ መጠርጠር የተጀመረው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ቀን ቅጠሏን ዘርግታ ሌሊት የምታጥፍ ተክል በጨለማ ውስጥ ብትቀመጥም ይህንኑ ልማዷን እንደማታቋርጥ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1729 ነበር። ከዚያ ወዲህ በዕፀዋት፣ በነፍሳት፣ በእንስሳትና በሰው ላይ ብዙ ምርምር ተካሂዷል። በትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የገለጹት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸው ይታወሳል።

ባክቴሪያን በተመለከተ ግን ለብዙ ዓመታት የነበረው እምነት የተለየ ነበር። አንድ ባክቴሪያ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ዕድሜው ከአንድ ቀን ለሚያንስ ፍጥረት የ24 ሰዓት መቁጠሪያ ምን ይረባዋል? ክርክሩ ለጆሮ የሚጥም ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ግልጽ ማድረግ ይገባናል። በቀንና በሌሊት የሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ሰዓት አለው ማለት አይደለም። ድንጋይም ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሳይንቲስቶች አንድን ምት ሥነ ሕይወታዊ ሰዓት ለማለት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ሲቀርም ምቱ ወደ 24 ሰዓት በሚጠጋ ዑደት መቀጠል አለበት። ሁለተኛ፣ የብርሃን ወይም የሙቀት ለውጥ ሲያገኘው እንደ እጅ ሰዓት መስተካከል መቻል አለበት። ሦስተኛ፣ አካባቢው ስለሞቀ መፍጠን፣ ስለቀዘቀዘም መዘግየት የለበትም። ሦስተኛው በተለይ የሚያስደንቅ ነው። አብዛኞቹ የሕዋስ ኬሚካዊ ሂደቶች ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር እጥፍ ያህል ይፈጥናሉና።

ከሩዝ ማሳ የወጣው ሰዓት

የባክቴሪያ ሰዓት ታሪክ የሚጀምረው በይፋግ ዙሪያ እንደምናየው ዓይነት ማሳ ውስጥ ነው። በታይዋን ከሩዝ ማሳ የተገኘ ሲኔኮኮከስ አርኤፍ-1 የተባለ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም በቀድሞ አጠራሩ ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ፣ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ነበረበት። ይህ ፍጥረት እንደ ዕፀዋት በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ በዚህም ጊዜ ኦክስጅን ያመነጫል። በሌላ በኩል ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ ለሕይወት ወደሚጠቅም ውሕድ ይለውጣል። ለዚህ ሁለተኛ ሥራ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ግን ኦክስጅን ያበላሸዋል። ሕዋሱ አንድ ነውና ሁለቱን ሥራዎች በየክፍሉ ለያይቶ ማካሄድ አይችልም።

መፍትሔው ጊዜን መከፋፈል ሆነ። አንድ ክፍል ቤት ብቻ ያለው ቤተሰብ ያንኑ ክፍል ቀን መዋያ፣ ሌሊት መኝታ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ይህም ባክቴሪያ ቀን ምግቡን ሲያዘጋጅ ይውልና ሌሊት ናይትሮጅን ሲይዝ ያድራል። ግሮበላር፣ ሁዋንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ከዚህም አልፎ ሄደ። ባክቴሪያውን በብርሃንና በጨለማ ካለማመዱት በኋላ ብርሃኑ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ቢያደርጉም፣ ሌሊት ሊሆን በሚገባው ሰዓት ናይትሮጅን መያዙን አላቋረጠም። ጨለማ ባይመጣም ሌሊት መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተራመደ። እ.ኤ.አ. በ1993 ታካኦ ኮንዶ፣ ሱዛን ጎልደን፣ ካርል ጆንሰንና ባልደረቦቻቸው ከሚያበራ የባሕር ባክቴሪያ የተወሰዱ ዘረ-መሎችን በሌላ ሳያኖባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ሰዓቱ በብርሃን እንዲታይ አደረጉ። ባክቴሪያው በየ24 ሰዓቱ ገደማ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ መሣሪያም ይህን ይመዘግባል። በዚሁ ዘዴ በተከታዩ ዓመት ሰዓታቸው የተዛባ፣ አንዳንዶቹ በ16 ሰዓት ሌሎቹ በ60 ሰዓት ዑደት የሚሄዱ ባክቴሪያዎች ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰዓቱን የሚመሩት ሦስት ዘረ-መሎች ታወቁና «ካይ» ተባሉ፤ ቃሉ በጃፓንኛ ዑደትን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርመው ውጤት ታተመ። ሦስቱ የካይ ፕሮቲኖች ኃይል ከሚሰጠው ኤቲፒ ጋር በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲደባለቁ፣ ሕዋስ ሳይኖር፣ ዘረ-መልም ሳይኖር፣ የ24 ሰዓቱን ዑደት መቁጠር ቀጠሉ።

ሰዓቱ ለባለቤቱ የሚጠቅም ስለመሆኑም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ሌላ ሙከራ የተለያየ ዑደት ያላቸው ባክቴሪያዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅለው እንዲያድጉ ተደረገ። አሸናፊ የሆኑት የውስጥ ሰዓታቸው ከውጩ የብርሃንና የጨለማ ዑደት ጋር የተስማማላቸው ናቸው። የብርሃኑ ዑደት ሲለወጥ አሸናፊውም ተለወጠ። ፈጣኑም ሆነ ዘገምተኛው በራሱ የተሻለ አልነበረም፤ የተሻለው ከቦታው ጋር የተስማማው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በብርሃን ምግቡን በማያዘጋጅ፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ በተባለ የአፈር ባክቴሪያም ውስጥ የዚህ ዓይነት ሰዓት መኖሩ ተገልጿል።

እንግዲህ የይፋጉ አዛውንት ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ቀን ብቻ የተቀዳ ናሙና ስለ አርኤፍ-1 ቢጠየቅ «ናይትሮጅን መያዝ አይሆንለትም» የሚል የተሳሳተ ምስክርነት ይሰጥ ነበር።

ስድስት ሰዓት የጠፋበት ማስታወሻ

የረዳት ተመራማሪ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጠርሙስ መሙላት፣ ምልክት መለጠፍ፣ ቁጥር መመዝገብ ነው። የምት ጥናት ግን ከሌላው ጥናት በአንድ ነገር ይለያል። በሌላ ጥናት አንድ ናሙና ቢያመልጥ ከመቶው አንዱ ጎደለ ይባላል። በምት ጥናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ያሸነፈው ረዳት የሚያጎድለው ምናልባት የማዕበሉን ጫፍ ነው። እርሱ ከጎደለ የቀሩት ነጥቦች ሌላ ሥዕል ይሠራሉ።

በራሳችን የደረሰውን ስሕተት እንናገር። ከእኛ አንዱ በጠርሙሶቹ ላይ የጻፈው በአገራችን አቆጣጠር ነበር፤ «3» ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሌላው የመለኪያውን ሰዓት አይቶ ይጽፍ ነበርና «3» ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ነው። ጠዋትና ማታ የሚል ቃል ማንኛችንም አልጨመርንም። ሥራው ሲያልቅ ጠርሙሶቹን ብንደረድራቸው የትኛው በፀሐይ፣ የትኛው በጨለማ እንደተቀዳ መለየት አቃተን። ስድስት ሰዓት የዕለቱ ሩብ ነው። የአንድ ሙሉ ቀን ድካማችን ተደፋ፤ የደፋነውም እኛው ነን።

ከዚህ ውድቀት ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ተማርን። የሥነ ሕይወታዊ ሰዓት ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራቸው የሚቆጥሩት በግድግዳው ሰዓት አይደለም። ዜሮ የሚሉት ብርሃኑ የሚበራበትን ቅጽበት ነው፤ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ 1 ይላሉ፣ ብርሃኑ ሲጠፋ 12 ይላሉ። ይህ አያቶቻችን ሲቆጥሩበት የኖሩት ሥርዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚመሸው 12 ሰዓት ላይ ነው። በጣና አካባቢ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ስለማይሞላ ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ ከፀሐይ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በአገራችን አቆጣጠር መመዝገብ ሊያሳፍረን አይገባም፤ ለዚህ ሳይንስ እንዲያውም የተመቸ ነው። የሚያሳፍረው ሁለቱን አቆጣጠሮች ቀላቅሎ መጻፍ ነው።

ማሳውና ሐይቁ በሥራ ሰዓት

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ከሩዝ ማሳው እንጀምር። ቀን፣ ፀሐይ በምትበረታበት ጊዜ፣ በማሳው ውኃ ውስጥ ያሉት አልጌዎችና ሳያኖባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠቀሙበታል፤ በዚህም ውኃው አሲዳማነቱ እየቀነሰ ፒኤቹ ከፍ ይላል። ሌሊት ሁሉም ስለሚተነፍሱና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚመለስ ፒኤቹ ይወርዳል። ገበሬው በቆመ ውኃ ላይ ዩሪያ በትኖ ከሆነ፣ ከዩሪያው የሚገኘው ናይትሮጅን ፒኤቹ ከፍ ባለበት በቀኑ ክፍል አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበንናል። በብድር የተገዛ ማዳበሪያ በጠራራ ፀሐይ እንደ ጭስ ሲሄድ ማለት ነው። ጠዋት ብቻ ፒኤች ለክቶ የሚመለስ አጥኚ ይህን ኪሳራ አያየውም። ወረታ ላይ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ባለበት አካባቢ፣ የፎገራን ሜዳ ውኃ ሌትና ቀን የሚከታተል ተማሪ ማግኘት የማይቻል ነገር አይደለም።

ወደ ጣና እንለፍ። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ በአማካይ ጥልቀቱ ከ8 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አያሌው ወንዴ፣ ስዩም መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የሐይቁ የአልጌ ምርት ከፍ የሚለው ከክረምቱ ማግሥት እንደሆነና ይህም ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር እንደሚገጥም አሳይተዋል። ይህ ጥናት የሐይቁን የዓመት ምት አስተምሮናል። የዕለቱ ምትም የዚያኑ ያህል ትኩረት ይሻል።

ለምን ቢባል፣ ማይክሮሲስቲስ በአንድ ቦታ የሚቆም ፍጥረት አይደለም። በሕዋሱ ውስጥ በጋዝ የተሞሉ ረቂቅ ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል። ቀን በብርሃን ያዘጋጀው ስኳር ሲከማችበት ግን ይከብድና ይሰምጣል፤ ሌሊት ስኳሩን ሲጨርስ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል። ነፋስ ካልበጠበጠው ጠዋት ከውኃው ገጽ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም ተንጣሎ ሊገኝ ይችላል። ይህ እንቅስቃሴ በአብዛኛው የክብደት ጉዳይ እንጂ የሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሚታወቀው በየሰዓቱ በሚቀዳ ናሙና ብቻ ነው። አንዳንድ የማይክሮሲስቲስ ዘሮች ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ በቆቃ ሐይቅ ይህ መርዝ መገኘቱ ታትሟል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻው በማለዳ ውኃ ለምትቀዳ ልጅና ከብቱን በማለዳ ለሚያጠጣ እረኛ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በጀልባ የተቀዳ ናሙና ሙሉ መልስ አይሰጥም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቀደም አልተሞከረም እንዳይባል፣ ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከቢሾፍቱ አጠገብ ባለው የአረንጓዴ ሐይቅና በቂሎጤ ሐይቅ ስፒሩሊና የተባለው ሳያኖባክቴሪያ በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበት ፍጥነት ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል የሚመረምር ሲሆን፣ ከዓለም የውኃ ሥነ ሕይወት ሥራዎች መካከል እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል። ይህ ሥራ የተሠራው ቀላል በሚባሉ መሣሪያዎችና በብዙ ትጋት ነው።

ምን ይደረግ?

«እምቦጭ ሐይቁን በወረረበት፣ ቤተ ሙከራዎቻችን ኬሚካል ባጡበት ጊዜ የባክቴሪያ ሰዓት ቅንጦት ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸውን እንረዳለን። የካይ ፕሮቲኖችን በይፋግ እናጥራ የሚል አሳብም የለንም። የምንለው ሌላ ነው። የቀኑን ያህል ሌሊቱን መመልከት ተጨማሪ ሳይንስ ሳይሆን የማንኛውም የውኃ ጥናት ትክክለኛነት አካል ነው። እምቦጭን የሚያጠና ሰው እንኳ ከእምቦጩ ሥር ያለው ኦክስጅን ሊነጋጋ ሲል የት እንደሚደርስ ካላወቀ ስለ ዓሣው የሚናገረው ጎዶሎ ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። መጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጸድቅ የውኃ ጥናት ንድፍ ሁሉ በየወቅቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሙሉ 24 ሰዓት፣ ቢቻል የ48 ሰዓት ናሙና ይኑረው፤ እያንዳንዱ ናሙና የተቀዳበት ሰዓትም በአንድ አቆጣጠር፣ ቀን ወይም ሌሊት ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሌሊት ሥራ እንደ ሥራ ይቆጠር። የሌሊት አበል የማይታሰብለት፣ አጎበርና የወባ መከላከያ የማይሰጠው፣ ያለ ደኅንነት ጃኬት ጀልባ ላይ የሚሳፈር ረዳት በተስፋ ብቻ ሊሠራ አይገባውም። የወባ ትንኝም የራሷ ሰዓት አላት፤ የምትወጣው እኛ ናሙና በምንቀዳበት ሌሊት ነው። ሦስተኛ፣ ሌሊቱን የቀዳው ሰው ስሙ ይጻፍ። ሥራው ለደራሲነት የሚያበቃ ከሆነ ከደራሲዎቹ ጋር፣ ካልሆነም በምስጋናው ገጽ ላይ። እኛ የደከምንበት አንድ ጥናት ሲታተም «በመስክ ለረዱን ሁሉ» በሚል አንድ ሐረግ ታልፈናል። ቅሬታችንን እዚህ የምናነሣው ለራሳችን ብለን አይደለም። ስሙ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ረዳት 9 ሰዓት ላይ ሲያንቀላፋ «አንቀላፍቼ ነበር» ብሎ በእውነት ይመዘግባል፤ የማያውቀው ግን በግምት ሊሞላው ይፈተናል። ክብር የመረጃው ጥራት ዋስትና ነው።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በሌሊት መስክ መውጣት እኛ እንደወጣንበት ዘመን ቀላል አይደለም፤ ለናሙና ሲባል የማንም ሕይወት አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም። ሙቀትንና ኦክስጅንን በየደቂቃው የሚመዘግቡ፣ በውኃ ውስጥ ተትተው የሚታደርባቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ለዚህ ጊዜ እነርሱን መግዛት ከሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው። ይሁንና መሣሪያው የሚመዘግበው የታዘዘውን ብቻ ነው። ምን እንደሚታዘዝ የሚያውቀው አንድ ጊዜ ውኃው ዳር ያደረ ሰው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ሁሉ መጠበቅ የለባችሁም። አንድ ጣሳ አፈርና ጥቂት የቦሎቄ ዘር ይበቃችኋል። ቡቃያው ቅጠል ሲያወጣ በየሦስት ሰዓቱ ቅጠሉ ቀና ማለቱን ወይም መውደቁን መዝግቡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጣሳውን ደብዘዝ ያለ መብራት በማይጠፋበት ክፍል አስቀምጣችሁ ምዝገባውን ለሁለት ቀንና ለሁለት ሌሊት ቀጥሉ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ተራ ግቡ፤ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» ብላችሁ ጻፉ፤ ያመለጣችሁን «አመለጠን» በሉ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ የምርምር ረዳትነትን ፊደል ቆጥሯል።

የይፋጉ አዛውንት በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ከእኛ ጋር ቆዩ። የ12 ሰዓቱን ናሙና ስንቀዳ ባትሪውን ያበሩልን እርሳቸው ነበሩ። ስማቸው በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ጥያቄያቸው ግን በየጥናቱ ንድፍ መጀመሪያ ገጽ ላይ ቢጻፍ እንወዳለን።